ኩባንያው ሲያድግ መሥራቹስ?

አሥር ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ መሥራቹ ደንበኛውን በስም ያውቃል፣ ቼክ ይፈርማል፣ ምርቱንም ራሱ ይፈትሻል። የሠራተኛው ቁጥር መቶ ወይም ሁለት መቶ ሲደርስ ግን ይኸው ትጋቱ ማነቆ ይሆናል። ጉዳዩ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ውሳኔ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ባለሀብቶችም ሆኑ ሠራተኞች ከመሥራቹ የሚፈልጉት ሌላ ዓይነት ሙያ ነው። ሽግግሩ እንዴት እንደሚከናወን ለመረዳት የጎግል ኩባንያ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው።

ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ጎግልን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ክሌይነር ፐርኪንስና ሴኮያ ካፒታል የተባሉ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች በድምሩ 25 ሚሊዮን ዶላር ሲያፈሱ፣ ልምድ ያለው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከውጭ እንዲቀጠር ጠይቀው ነበር። መሥራቾቹ ግን ነገሩን አጓተቱት። የኖቬል ኩባንያ መሪ የነበሩት ኤሪክ ሽሚት ኃላፊነቱን የተረከቡት በ2001 ነው። ፔጅ ያኔ 28 ዓመታቸው ነበር።

መሥራቾቹ ለአለቃ ብዙም ፍቅር አልነበራቸውም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የምህንድስና ክፍል ሥራ አስኪያጆችን ደረጃ ጨርሶ በማንሳት፣ መሐንዲሶቹ ያለ መካከለኛ አለቃ እንዲሠሩ ሞክረው ነበር። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ። የወጪ ሒሳብ ማወራረጃ ሳይቀር፣ የሠራተኞች የእርስ በርስ ጠብም ጭምር በቀጥታ ፔጅ ዘንድ ይቀርብ ጀመር። ሙከራው ከጥቂት ወራት በኋላ ቀረ። በእኔ አስተያየት ከማንኛውም የሥራ አመራር ሥልጠና ይልቅ ያስተማራቸው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ሽሚት የኩባንያውን የዕለት ተዕለት አስተዳደር ሲመሩ፣ ፔጅ የምርት፣ ብሪን ደግሞ የቴክኖሎጂ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። ዐበይት ጉዳዮችን ሦስቱም እየተመካከሩ ይወስኑ ነበር። የቀድሞው የእግር ኳስ (የአሜሪካኑ ዓይነት) አሠልጣኝና የኢንቱዊት ኩባንያ መሪ የነበሩት ቢል ካምቤልም በአማካሪነት አብረዋቸው ነበሩ። ፔጅ ሁሉንም ነገር እንዳልለቀቁ ግን ልብ ይሏል። የሚቀጠሩ ሰዎችን ማኅደር ራሳቸው የማየቱን ሥራ ኩባንያው እጅግ ከሰፋ በኋላም አልተዉትም። የወጪ ሒሳቡን ለሌላ ሰጥተው የሰው ምርጫውን ለራሳቸው ያዙ ማለት ነው።

በሚያዝያ 2011 ፔጅ ወደ ዋና ሥራ አስፈጻሚነት ሲመለሱ ኩባንያው ከ24 ሺሕ በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ክፍሎቹን እንደገና አዋቀሩ፤ ብዙ ፕሮጀክቶችንም ዘጉ። በታኅሣሥ 2019 ሁለቱም መሥራቾች ከሥራ አስፈጻሚነት ሲነሱ ኃላፊነቱን የተረከቡት በጎግል ውስጥ ያደጉት ሰንደር ፒቻይ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሰመረው በመሥራቾቹ ትሕትና ብቻ አይደለም። ኩባንያው በ2004 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ የመሥራቾቹ አክሲዮን እያንዳንዱ አሥር ድምፅ እንዲኖረው ተደርጓል። ወንበር መልቀቅ ኩባንያውን ማጣት ማለት አልነበረም። ይህ ዋስትና ያልነበራቸው የአፕል መሥራች ስቲቭ ጆብስ በ1983 ራሳቸው ከፔፕሲ አግባብተው ካመጧቸው ከጆን ስካሊ ጋር ሲጋጩ ቦርዱ ከስካሊ ጎን ቆመ፤ ጆብስም በ1985 ኩባንያውን ለቀቁ። እስከ 1997 ድረስም አልተመለሱም።

በእኛ አገር ሁኔታው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። እንዲህ ባለው ማኅበር ውስጥ መሥራቹን «ልምድ ያለው ሰው ቅጠር» ብሎ የሚያስገድድ ባለድርሻ የለም። ግፊቱ ከራሱ ካልመጣ ከየትም አይመጣም። መጀመሪያ ሊለቀቅ የሚችለው ምናልባት የቼክ ፊርማው ነው፦ ሥራ አስኪያጁ ባለቤቱን ሳይጠይቅ የሚያወጣውን የገንዘብ ጣሪያ በጽሑፍ መወሰን፣ ጣሪያውንም ገቢው በጨመረ ቁጥር ከፍ ማድረግ።