የኖራ ድንጋይና ታሪኩ

ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦርነት ብቻ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። ነገር ግን ከጭሮ ተነሥቶ በበዴሳና በገለምሶ አድርጎ እስከ መቻራ የሚዘልቅ ሰው ከዚያ ሁሉ በቀደመ ታሪክ ላይ ይረማመዳል። በጁራሲክ ዘመን፥ ይኸውም ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፥ ይህ አገር ባሕር ነበረ። የባሕሩ እንስሳት ዛጎል እየረጋና እየተጫነ የኖራ ድንጋይ ሆነ። እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ኋላ የመጣ ነውና ከላይ ተደርቧል።

ነጭ ድንጋይ ሁሉ ግን የኖራ ድንጋይ አይደለም። የኖራ ድንጋይ በቢላዋ ይጫራል፤ ከቤተ ሙከራ የቀጠነ አሲድ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ይደፍቃል። ጄሶ በጥፍር እንኳ ይጫራል፥ አረፋ ግን የለውም። አሲድ ያላገኘ ሰው ድንጋዩን ፈጭቶ በዱቄቱ ላይ ሎሚ ይጭመቅበት፤ አረፋው ትንሽ ቢሆንም ይታያል።

ድንጋዩ እስከ 900 ዲግሪ ሲቃጠል በውስጡ የታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ኖራ ይቀራል። ይህ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፍለቀለቃል፤ ዓይን ያጠፋልና መጠንቀቅ ያሻል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በግንብ መካከል ሲገባ የወጣውን ጋዝ ከአየር መልሶ እየሳበ ይጠነክራል፤ እንደገና ድንጋይ ይሆናል ማለት ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (1599–1624 ዓ.ም.) የኖራ ግንብ ሥራ ተስፋፋ፤ የጎንደር ግንቦችም በኖራ ቆሙ። በእኛ በኩል ደግሞ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሪቱን የመጀመሪያ የሲሚንቶ ፋብሪካ በድሬዳዋ አቋቋሙ። ድንጋዩ በአቅራቢያ፥ የምድር ባቡሩም ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ በደጅ ነበረና ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለንም።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን የመቻራ ዋሻዎች ነገር ነው። የዝናሙ ውሃ ድንጋዩን እያሟሟ አቼሬንና ሩኪሳን የመሰሉ ዋሻዎች ፈለፈለ፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውም ውሃ የተሸከመውን መልሶ እያስቀመጠ ዓምድ አበቀለ። ዓምዱ እንደ ዛፍ ግንድ በየንብብሩ ያድጋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ንብብሩን እየቆጠሩ፥ በውስጡም ያለውን ኦክስጅን እየለኩ የጥንቱን የዝናም ሁኔታ መርምረዋል። በመሣሪያ የተለካው የአገራችን ዝናም መዝገብ እጅግ ቢረዝም ከመቶ ዓመት ጥቂት ያልፋል፤ የዋሻው መዝገብ ግን በሺህ ይቆጠራል። በልግ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለሚያውቀው ለሐረርጌ ገበሬ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ለመታሰቢያ ብሎ አንድ ዓምድ ሰብሮ የሚወስድ ጎብኚም ከዚያ መዝገብ ገጽ ገንጥሎ ሄደ ማለት ነው።