የሃዱፕ አመጣጥና የመረጃ ማጓጓዝ ልምምድ

መረጃ ሲበዛ ማስቀመጫው ብቻ ሳይሆን ማንቀሳቀሱም ራሱን የቻለ ችግር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢንተርኔትን ገጾች ሰብስበው ማውጫ ለማዘጋጀት የተነሡትን መሐንዲሶች የገጠማቸው ይኸው ነበር። የዲስኮች የመያዝ አቅም በፍጥነት ቢያድግም የማንበብ ፍጥነታቸው ያንኑ ያህል አላደገም፤ ስለዚህ አንድን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ የሚወስደው ጊዜ እየረዘመ ሄደ።

የጉግል ባለሙያዎች በ2003 እና በ2004 ባወጧቸው ሁለት ጥናቶች መፍትሔውን ገለጹ። በመጀመሪያው ጥናት መሠረት ፋይሉ 64 ሜጋባይት በሚያህሉ ቁራጮች ይከፈልና እያንዳንዱ ቁራጭ በሦስት ኮምፒዩተሮች ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ አሉ። ጄፍሪ ዲንና ሳንጄ ጌማዋት የጻፉት ሁለተኛው ደግሞ ማፕሪዱስ የተባለውን የአሠራር ዘዴ አስተዋወቀ፤ ይኸውም በተቻለ መጠን መረጃው ወደ ፕሮግራሙ ከሚጓጓዝ ፕሮግራሙ መረጃው ወዳለበት ይሂድ የሚል ነው። ዳግ ከቲንግና ማይክ ካፋሬላ ይህንኑ ሐሳብ ተከትለው የሠሩት ሶፍትዌር በ2006 ሃዱፕ ተባለ፤ ስሙ የከቲንግ ልጅ ለቢጫ የዝሆን መጫወቻው ያወጣው ነው። በ2008 ሃዱፕ በ910 ኮምፒዩተሮች አንድ ቴራባይት መረጃ በ209 ሴኮንድ ደርድሮ ጨረሰ።

የጀማሪዎች የመጀመሪያ ልምምድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቃላትን መቁጠር ሆነ። አንደኛው ክፍል ላገኘው ቃል ሁሉ «1» እያለ ይመዘግባል፤ ተመሳሳይ ቃላት ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ የመጨረሻው ክፍል ይደምራል። ልምምዱ ተራ ይምሰል እንጂ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲሞከር ጉዱ ይወጣል። ቃላትን በባዶ ቦታ ብቻ የሚለይ ፕሮግራም «ሀገር» እና «ሀገር።» የሚሉትን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራል፤ በሁለት ነጥብ ብቻ የተለያየ የቀድሞ ኅትመት ከሆነማ መሥመሩ በሙሉ እንደ አንድ ቃል ያልፋል። ኮምፒዩተሮቹ አንድ ሺህ ቢሆኑ ስሕተቱ በፍጥነት ይመረታል እንጂ አይታረምም።

ሁለተኛው ልምምድ መረጃን ከሠንጠረዣዊ የመረጃ ቋት ወደ ሃዱፕ ማጓጓዝ ነው። ለዚህ ተግባር የተዘጋጀው ስኩፕ የመለያ ቁጥሩን ትንሹንና ትልቁን ጠይቆ መካከሉን እኩል ይከፍላል፤ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው ክፍሎቹ አራት ናቸው። ቁጥሩ ከ1 እስከ 1,000,000 የሚደርስ ቢሆንና አብዛኛው መዝገብ ከ900,000 በላይ ቢገኝ፣ አራተኛው ሠራተኛ ሸክሙን ብቻውን ሲሸከም ሦስቱ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ከዚህ የከፋው ግን ምንጩ በሥራ ላይ እያለ መቅዳቱ ነው፤ አራቱ ሠራተኞች በተለያየ ቅጽበት ስለሚያነቡ የተቀዳው ሒሳብ ከየትኛውም ሰዓት ሒሳብ ጋር ላይገጥም ይችላል። ትእዛዙ «ተፈጸመ» ብሎ መመለሱ ማስረጃ አይሆንም። የመማሪያ ጽሑፎች ይህን ብዙ ጊዜ በዝምታ ያልፉታል፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው።

ስኩፕ በ2021 በይፋ ከአገልግሎት ተሰናበተ። በ2009 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ስፓርክ ብዙውን የሃዱፕ የማቀናበር ሥራ ተረክቧል። በእርሱም ከመረጃ ቋት ለማንበብ የሚፈልግ ተማሪ መክፈያውን ዓምድ፣ መነሻውን፣ መድረሻውንና የክፍሎቹን ብዛት ራሱ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ሠንጠረዡ በሙሉ በአንድ ሠራተኛ ትከሻ ያልፋል።