የቴትሪስ ጡቦች የማን ነበሩ?

ገበጣን ማን ፈጠረው ብሎ የሚከራከር ሰው የለም። መሬት ላይ ጉድጓድ የቆፈረና ጠጠር የለቀመ ሁሉ የጨዋታው ባለቤት ነው። ለጉድጓዱ ፈቃድ የሚሰጥ፣ ለጠጠሩ ቀረጥ የሚጠይቅ የለም። ከገበጣ የባሰ ቀላል የሆነ አንድ ሌላ ጨዋታ ግን፣ በተወለደ በአምስት ዓመቱ የሞስኮን ባለሥልጣናት፣ የለንደንን ከበርቴዎች፣ የጃፓንንና የአሜሪካን ኩባንያዎች አፋጥጦ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት አድርሷቸዋል። ስሙ ቴትሪስ ይባላል። ከላይ የሚወርዱ ጡቦችን እያዞሩ መደርደር፤ ነገሩ ይኸው ነው። ታዲያ ይህን ያህል የሚያጣላ ምን ነበረበት?

ሰባቱ ቅርጾች

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ፣ በሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አሌክሲ ፓጂትኖቭ በዚህ ማዕከል ተቀጥሮ፣ ኮምፒዩተር የሰውን ንግግር እንዲለይ ለማስቻል በሚደረግ ምርምር ላይ ይሠራ ነበር። አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር አቅሙ መፈተን አለበት። ለፓጂትኖቭ መፈተኛው ጨዋታ ነበር።

ከድሮ ጀምሮ የሚወደው አንድ የእንጨት እንቆቅልሽ ነበር። እያንዳንዳቸው ከአምስት ካሬዎች የተሠሩ 12 የተለያዩ ቁራጮችን፣ ክፍተት ሳይተዉ አንድ ሣጥን ውስጥ መግጠም ነው። ፓጂትኖቭ ይህን ወደ ኮምፒዩተር ሲያመጣ ካሬዎቹን ከአምስት ወደ አራት ቀነሳቸው። አራት ካሬ ደግሞ የሚሰጠው ሰባት ቅርጾች ብቻ ነው። ሰባት ነገር በቃል ይያዛል፤ ዓይንም በቶሎ ይለምደዋል። አራት ማለት ከሆነው «ቴትራ» ከተባለው የግሪክ ቃልና ከሚወደው ቴኒስ አጋጥሞ ስም አወጣለት።

የሚሠራበት ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለ የሶቪየት ኮምፒዩተር ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበርና የመጀመሪያዎቹ ጡቦች የተሠሩት ከቅንፍ ምልክቶች ነው። ቀለም የለ፣ ሙዚቃ የለ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ችግር ገጠመው። ሜዳው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይሞላና ጨዋታው ያልቃል። በመጨረሻ ያገኘው መፍትሔ፣ ከዳር እስከ ዳር የሞላ ረድፍ ከነአካቴው እንዲጠፋ ማድረግ ነበር። ቴትሪስ ቴትሪስ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ አጨዋወቱን ባጭሩ እንግለጽ። ሜዳው በስፋት 10፣ በቁመት 20 ካሬ ነው። ከሰባቱ ቅርጾች አንዱ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ አንዱ እንደ ሣጥን ድፍን ነው፤ ሁለቱ እንደ ከዘራ ጫፋቸው የታጠፈ፣ ሁለቱ እንደ ደረጃ የተሰበሩ፣ አንዱ ደግሞ መሐሉ ላይ ጉብ ያለ ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ በአንድ እየመረጠ ይለቃቸዋል። ተጫዋቹ ቅርጹ መሬት እስኪነካ ድረስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋዋል፣ ያዞረዋል። አሥሩ ካሬ የሞላ ረድፍ ይጠፋል፣ ከላዩ ያለው ይወርዳል። ቀዳዳ ከተተወ ረድፉ አይጠፋም፤ ክምሩ ያድጋል። ፍጥነቱም ይጨምራል። ክምሩ ጣሪያ ሲነካ ጨዋታው አበቃ።

ቅመሙ ያለው ግን ነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው። በታወቀው የኒንቴንዶ ቅጂ፣ በመነሻው ደረጃ አንድ ረድፍ ማጥፋት 40 ነጥብ ያስገኛል። አራት ረድፍ በአንድ ጊዜ ማጥፋት ግን 1200 ነው። አራቱን አንድ በአንድ ያጠፋ ሰው 160 ብቻ ይዞ ይቀራል ማለት ነው። አራት ረድፍ በአንዴ የሚያጠፋው ደግሞ ዘንጉ ብቻ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች በአንድ ዳር ጠባብ ጉድጓድ ትቶ ሌላውን ሜዳ እየሞላ ዘንጉን ይጠብቃል። ዘንጉ ከመጣ በለጸገ፤ ከዘገየ ክምሩ በአናቱ ይመጣበታል። ትዕግሥትና ስስት በአንድ እጅ ላይ የሚታገሉበት ጨዋታ ነው። ሱስ የሚያሲዘውም ይኸው ይመስለኛል።

ከዲስኬት ወደ ቴሌክስ

ፓጂትኖቭ ሥራውን ያኖረው ለብቻው አልነበረም። የሥራ ባልደረባው ዲሚትሪ ፓቭሎቭስኪና ቫዲም ገራሲሞቭ የተባለ የ16 ዓመት ተማሪ ጨዋታውን ቀለም ሰጥተው በአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ አደረጉት። ዓለም የሚያውቀው ግን የፓጂትኖቭን ስም ነው። ከዚያ በኋላ ቴትሪስ በዲስኬት እየተገለበጠ ከቢሮ ቢሮ፣ ከከተማ ከተማ ተዛመተ። የከፈለም ያስከፈለም የለም። በሶቪየት ሕግ መሠረት አንድ ሠራተኛ በመንግሥት ማሽን የሠራው ፕሮግራም የግል ሸቀጡ ሊሆን አይችልም ነበር። በኮርፖሬሽን ዘመን የኖረ የአገራችን አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1986 ዲስኬቱ ቡዳፔስት ደረሰ። ሮበርት ስታይን የተባለ መቀመጫውን ለንደን ያደረገ የሶፍትዌር ደላላ እዚያ ጨዋታውን አይቶ ለሞስኮው ማዕከል ቴሌክስ ላከ። ፓጂትኖቭም ፍላጎት እንዳለው የሚገልጽ መልስ በቴሌክስ ላከለት። ስታይን መልሱን እንደ ውል ቆጠረው። የተፈረመ ወረቀት በእጁ ሳይገባ መብቱን በሮበርት ማክስዌል ሥር ለነበሩ ሁለት ኩባንያዎች፣ ለለንደኑ ሚረርሶፍትና ለካሊፎርኒያው ስፔክትረም ሆሎባይት ሸጠ። እነሱም በተራቸው ለሌሎች ሸጡ። በ1988 ጨዋታው በምዕራቡ ዓለም ገበያ ላይ ዋለ። ሲሸጥ የነበረው፣ ሻጩ ያልገዛው ዕቃ ነበር።

ስታይን በ1988 ኤሎርግ ከተባለው የሶቪየት የሶፍትዌር ንግድ ድርጅት ጋር በመጨረሻ ተፈራረመ። ውሉ ግን ለኮምፒዩተር ብቻ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ስለሚሰካው መጫወቻም ሆነ በእጅ ስለሚያዘው የሚለው ነገር አልነበረም። ትልቁ ገንዘብ የነበረው ደግሞ እዚያ ነው።

አንዲት ዓረፍተ ነገር

በየካቲት ወር 1989 ሦስት ሰዎች አንዱ የሌላውን መምጣት ሳያውቅ ሞስኮ ገቡ። አንዱ ስታይን ነው። ሁለተኛው የማክስዌል ልጅ ኬቨን ነው። ሦስተኛው ሄንክ ሮጀርስ፣ ሆላንድ ተወልዶ ጃፓን የሚሠራ የጨዋታ ነጋዴ፣ በቱሪስት ቪዛ የመጣ ነበር። ኤሎርግን ወክሎ ሦስቱንም በየክፍሉ ያነጋገራቸው ኒኮላይ ቤሊኮቭ ነው።

ሮጀርስ ጃፓን ውስጥ የሚሸጠውን የቴትሪስ ካሴት በኩራት አውጥቶ ሲያሳይ ቤሊኮቭ ደነገጠ። ለዚህ ዓይነት መጫወቻ ለማንም ፈቃድ አልሰጠንም አለው። ሮጀርስ ሙግት አልገጠመም። ፈቃዱን ከምዕራባውያኑ እንደገዛ አስረዳ፣ ለተሸጠውም ሊከፍል ተስማማ። ያው ካሴት ለኬቨን ማክስዌል ሲቀርብለት ግን፣ የገዛ ኩባንያው ስም ተጽፎበት ሳለ፣ የተሰረቀ ቅጂ መሆን አለበት ብሎ አረፈው። በገዛ አፉ መብቱን ካደ ማለት ነው።

ቤሊኮቭ ለስታይን የተሻሻለ ውል አቀረበ። ስታይን ስለ ዘገየ ክፍያ ቅጣት የሚናገረውን አንቀጽ ሲከራከርበት፣ ኮምፒዩተር ማለት ምን እንደሆነ የሚተረጉመውን ዓረፍተ ነገር አልፎት ሄደ። ትርጉሙ ኮምፒዩተር ማለት ስክሪን፣ ዲስክ ማጫወቻና የፊደል ሰሌዳ ያለው ነው ይላል። የቤት ውስጥ መጫወቻ ደግሞ የፊደል ሰሌዳም ሆነ ዲስክ የለውም። ስታይን ፈረመ።

ከዚያ በኋላ በእጅ የሚያዘው መጫወቻ መብት ለሮጀርስ፣ በቴሌቪዥን የሚሠራው ደግሞ ለኒንቴንዶ ተሰጠ። ሮበርት ማክስዌል አቤቱታውን እስከ ጎርባቾቭ ድረስ ቢያደርስም የተለወጠ ነገር የለም። ቴንገን የተባለው የአታሪ ጌምስ ቅርንጫፍ የራሱን ቴትሪስ ገበያ ሲያወጣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛ ፈርን ስሚዝ በሰኔ 1989 ሽያጩን አገዱ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሴቶች መጋዘን ውስጥ ቀሩ። በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ ጌም ቦይ የተባለውን የኪስ መጫወቻ ሲያወጣ በአሜሪካ ከቴትሪስ ጋር አያይዞ ሸጠው። ሕፃናትን ብቻ ከፈለጋችሁ ማሪዮን፣ ሁሉንም ሰው ከፈለጋችሁ ቴትሪስን አያይዙ ብሎ የመከራቸው ሮጀርስ ነበር። የጌም ቦዩ ቅጂ ብቻውን ከ35 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ላም አለኝ በሰማይ

ለመሆኑ ፓጂትኖቭስ? መብቱን ለአሥር ዓመት ለመንግሥት አስረክቦ ስለነበር፣ ሚሊዮኖች ሲንቀሳቀሱ እሱ የሮያሊቲ ድርሻ አልነበረውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ደርሶበታል። በ1991፣ ሶቪየት ኅብረት በፈረሰችበት ዓመት፣ ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1996 የአሥር ዓመቱ ጊዜ ሲያበቃ በሞስኮ ካወቀው ከሮጀርስ ጋር ሆኖ የቴትሪስ ኩባንያን መሠረተ። የሥራውን ፍሬ መቅመስ የጀመረው ጨዋታው ከተወለደ ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ መሐል ጨዋታው ራሱ ባለቤት ሳይጠይቅ ሩቅ ሄዷል። ኮስሞናውት አሌክሳንደር ሴሬብሮቭ በ1993 ቴትሪስ ያለበትን ጌም ቦይ ሚር ወደተባለችው የጠፈር ጣቢያ ይዞ ወጥቷል። በ2000 ሮበርት ስቲክጎልድ የተባለ የአሜሪካ ተመራማሪ ቴትሪስ ያጫወታቸው ሰዎች እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚወርዱ ቅርጾች እንደሚታዩአቸው አስታወቀ። ከእነዚህ መካከል በአንጎል ጉዳት ምክንያት ጨዋታውን መጫወታቸውን እንኳ የማያስታውሱ ነበሩበት።

የሒሳብ ሊቃውንትም አልተዉትም። ሃይዲ በርጊል በ1997 ባሳተመችው ጥናት፣ እንደ ደረጃ የተሰበሩት ሁለቱ ቅርጾች ብቻ እየተፈራረቁ ቢመጡ፣ ምንም ያህል ብልህ የሆነ ተጫዋች 70,000 ቅርጽ ሳይሞላ መሸነፉ እንደማይቀር አሳይታለች። ማለትም ጨዋታው ለዘለዓለም የሚቀጥል ከሆነ ተጫዋቹ አንድ ቀን ይሸነፋል። በታኅሣሥ 2023 ግን በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት የሚኖር የ13 ዓመት ልጅ የድሮውን የኒንቴንዶ ቅጂ እስከ 157ኛው ደረጃ ተጫውቶ ፕሮግራሙ ራሱ ደርቆ ቆመ። ከዚያ በፊት በዚህ ቅጂ ላይ እዚህ የደረሰ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ቀድሞ እጁን ሰጠ።

እንግዲህ ቤሊኮቭ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በመጻፉ ሊመሰገን ይገባዋል፤ በደላላ እጅ ሊቀር የነበረውን የአገሩን ሀብት አስመልሷል። ነገር ግን ያ ውል መንግሥትን ከነጋዴ ጠበቀ እንጂ ፈጣሪውን ከመንግሥት አልጠበቀም። ሞስኮ ላይ በተፈረሙት ወረቀቶች ሁሉ እያንዳንዱ ወገን ድርሻውን አስጽፏል። በቅንፍ ምልክት የመጀመሪያውን ጡብ የደረደረው ሰው ድርሻ ግን በአንዱም አልሰፈረም።