ራስ ምታትና የወጌሻ እጅ
የደብረ ወርቅ ሰው፣ እንደ ሌላው ጎጃሜ ሁሉ፣ ራሱን ሲያመው የዳማ ከሴ ጭማቂ ሲጠጣ፣ ዋግምት ሲታገም፣ አንገቱንም በወጌሻ ሲታሽ ኖሯል። በአሜሪካም ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1895 ካይሮፕራክቲክ የተባለውን፣ የአከርካሪን መገጣጠሚያ በእጅ የማከም ሙያ መሠረተ። የእጅ ሕክምና ከአንገት ለሚነሣ ራስ ምታት ሊረዳ ይችላል፤ ለማይግሬን ያለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። ከሁሉ የሚያሠጋው ሌላ ነው፤ ሕዝቡ «ማጅራት ገትር» ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 በኢትዮጵያ በብርቱ የተዛመተው በሽታ ምልክቱን በስሙ ተሸክሟል። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት አንገቱ የተገተረ ሕመምተኛ ሳይታሽና ሳይታገም ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መላክ አለበት። ይህንም ከወጌሻው ጋር ተቀምጦ መመካከር የጤና ባለሙያው ግዴታ ነው።