ከአራዳ ነጋድራስ እስከ ሊምፖፖ ችሎት

ፉሪ ላይ ታክሲ በሚቆምበት ሁሉ ጉልት አይጠፋም። ጠዋት ፓስቲና ሳምቡሳ፣ ወደ ማታ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ በክረምት ከሰል ላይ የሚገላበጥ እሸት በቆሎ። «ደንቦች መጡ!» ከተባለ ግን ሸራው በአራት ጫፉ ተጠቅልሎ ይነሳል። ሰፈሩ ቀድሞ በሰበታ ሥር ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ክፍለ ከተማ ሆነ። የሻጭና የሹም ጉዳይ ግን ከሁለቱም አስተዳደሮች ይቀድማል።

በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። አለቃው ነጋድራስ ቀረጥ ያስከፍላል፤ የነጋዴዎችንም ክርክር ይዳኛል። ቀረጡ ቢያስመርርም አቤቱታ ሰሚው ቅርብ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ለአገሬው ሕዝብ የሚሆነውን ገበያ ለይቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። ከዚያ ወዲህ ቸርቻሪው የት ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው የከተማ ፕላን ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል በመረጠው ሥራ መተዳደር ይችላል ይላል። መንገድ ዳር ግን የሚሠራው የከተማው ደንብ ነው። ድስቷ የተወረሰባት ሴት ጠበቃ አታቆምም፤ የጠበቃው ዋጋ ከድስቱ ይበልጣላ!

ተመሳሳይ ክርክር የኢትዮጵያውያንን ስም ይዞ ትልቅ ችሎት የደረሰው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ፖሊስ «ኦፕሬሽን ሃርድስቲክ» በሚል ዘመቻ ከ600 በላይ ሱቆችን ዘጋ፤ ዕቃም ወረሰ። ብዙዎቹ ዳቦ፣ ስኳርና ዘይት የሚቸረችሩ፣ እዚያ «ስፓዛ» የሚባሉ የሰፈር ሱቆች ነበሩ። የሶማሌዎች ማኅበርና የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ ከሰሱ፤ ፕሪቶሪያ ላይ ተረቱ፤ ይግባኝ አሉ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2014 የብሉምፎንቴኑ ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች የንግድ ፈቃድ የመጠየቅ መብት አላቸው፤ ፈቃድ በእጃቸው እያለ ሱቃቸው መዘጋቱም ሕገ ወጥ ነው አለ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ መሐመድ ናቭሳ ናቸው።

ችሎቱ ፈቃድ የመስጠትን ሥልጣን ግን ከማዘጋጃ ቤቶች አልነጠቀም። በ2024 ከስፓዛ ከተገዛ ምግብ ጋር በተያያዘ መመረዝ ሕፃናት ሲሞቱ ፕሬዚዳንት ራማፖዛ ሱቆቹ ሁሉ በ21 ቀን እንዲመዘገቡ አዘዙ። ጊዜው እስከ ፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ ተራዘመ። ማመልከቻ የሚቀበሉትም እነዚያው ማዘጋጃ ቤቶች ነበሩ።