የአዲስ አበባና የሞንሮቪያ መንገድ

የሁለት ከተሞች ርቀት በኪሎሜትር ይለካል። ከአንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚወስነው ግን የምድሩ ስፋት ብቻ አይደለም፤ መንገዱን የዘረጋው ማን እንደ ሆነና ለማን ጥቅም እንደ ዘረጋው ጭምር ነው። ለዚህም የአዲስ አበባና የሞንሮቪያ ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

ኢትዮጵያና ላይቤሪያ አብዛኛው የአፍሪካ ምድር በባዕድ አገዛዝ ሥር በነበረበት ዘመን በነጻ መንግሥትነት ስማቸው የሚጠራ አገሮች ነበሩ። ላይቤሪያ መሥራች አባል ወደ ሆነችበት የመንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ስትገባ፥ ሁለቱ በአንድ ሸንጎ ተቀመጡ። በዋና ከተሞቻቸው መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ መሥመር 5,400 ኪሎሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ የአየር መሥመሮች በብዛት የተዘረጉት ቅኝ ገዢዎችን ከየግዛታቸው ጋር ለማገናኘት ስለ ነበረ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ በኩል ዞሮ ወደ አፍሪካ ይመለስ ነበር። በሮም በኩል ቢዞር ጕዞው 9,000 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል። በዚያን ዘመን ይሠራበት የነበረው ዲሲ 6ቢ አይሮፕላን በሰዓት 500 ኪሎሜትር ያህል ስለሚበር፥ የ11 ሰዓቱ በረራ 18 ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ ሌላ አይሮፕላን እስኪገኝ የሚታደረው ሌሊት ሳይቈጠር።

ይህ የተፈጥሮ እንቅፋት አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ በ1933 ዓ.ም.፥ እንግሊዞች የጦር አይሮፕላኖችን በዛሬዪቱ ጋና ከሚገኘው ከታኮራዲ ወደብ አስነሥተው፥ በካኖና በካርቱም አሳልፈው ካይሮ ያደርሱ ነበር። ጦርነት ባስገደደ ጊዜ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በአየር ማቋረጥ ተችሏል።

በጥቅምት ወር 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፥ ማለት ስለ ዛሬዪቱ ናሚቢያ፥ በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ላይ በሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አንድነት ክስ አቀረቡ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሞንሮቪያ መብረር ጀመረ። ስለ አፍሪካ ነጻነት በአንድ ቃል የተከራከሩ ሁለት መንግሥታት፥ እርስ በርሳቸው ለመገናኘት የአውሮፓን ደጅ መጥናት ቀረላቸው።

በ1955 ዓ.ም. አየር መንገዱ የጀት አይሮፕላን አስገባ። በሰዓት 900 ኪሎሜትር ያህል ለሚበር አይሮፕላን 5,400 ኪሎሜትር የ6 ሰዓት መንገድ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ጀቱ ሰዓቱን አሳጠረው፤ ዙሪያ ጥምጥሙን ያቀናው ግን ከጀቱ በፊት የተወሰደ ውሳኔ ነበረ።

ዛሬም በአንዳንድ የአፍሪካ ከተሞች መካከል የሚጓዝ ሰው ከአህጉሩ ወጥቶ ለመዞር ይገደዳል። ስለዚህ የጂኦግራፊ መምህር ካርታውን ሰቅሎ ተማሪዎቹን ርቀት በሚያስለካበት ጊዜ፥ መንገደኛው በየት በኩል እንደሚያልፍና ስለ ምን በዚያ እንደሚያልፍ ቢጠይቃቸው፥ በአንድ ትምህርት ሁለት ዕውቀት ይሰጣቸዋል።