ሐኪሞቿን የፈተነችው ባግዳድ

በ319 ዓመተ ሒጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ931፣ አንድ የባግዳድ ነዋሪ በሐኪም ስህተት ሞተ። ወሬው ኸሊፋ አል-ሙቅተዲር ዘንድ ደረሰ። ኸሊፋውም ገበያንና ሙያን ለሚቆጣጠረው ሙሕተሲብ ትእዛዝ ሰጡ፦ ሐኪማቸው ሲናን ኢብን ሳቢት ፈትኖ ያላለፈው ማንም ሰው እንዳያክም።

ታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ከ860 በላይ ሰዎች ለፈተና ቀረቡ። ስመ ጥር የሆኑትና የቤተ መንግሥት ሐኪሞች ግን አልተፈተኑም።

ከቀረቡት መካከል ማንበብና መጻፍ በደንብ የማይችሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩት በዚሁ ሥራ ነውና እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ለመኑ። ሲናን ፈቀደላቸው፤ ግን በማያውቁት በሽታ እንዳይገቡ፣ ደም ማስወጣትም ሆነ ሆድ የሚያጸዳ ኃይለኛ መድኃኒት እንዳያዙ አስጠነቀቃቸው። ሽማግሌውም ድሮም ከሽሮፕ ያለፈ ነገር አዝዘው እንደማያውቁ ነገሩት።

ዛሬ በየክሊኒኩና በየመድኃኒት ቤቱ ለምንሠራ ወጣቶች የብቃት ምዘናና ፈቃድ ማሳደስ የቢሮ ጣጣ መስሎ ይታየን ይሆናል። የባግዳዱ ፈተና መነሻ ግን የአንድ ሰው ሞት ነበር። የታካሚ ነፍስ በእጃችን ያለች አማና ናት። «ይህን አላውቀውም፤ ወደሚያውቀው ልላክዎት» ማለትም አማናን መጠበቅ እንጂ ውርደት አይደለም።